ለጽሑፍ በቶከን የሚከፍሉ መድረኮች ላይ ቮት ይመጣል፣ አንባቢ ግን የለም፤ የእናንተስ እንዴት ነው?

ለምለም_ይርጋ (ክሩን የከፈተችው)

ጤና ይስጥልኝ። ለጽሑፍ በቶከን፣ ማለትም በራሳቸው ዲጂታል ገንዘብ ከሚከፍሉት መድረኮች በአንዱ ላይ እጽፋለሁ። ችግሩ የአንዱ ብቻ ስላልመሰለኝ ስሙን አልጠራም። የምጽፈው ስለ ቡና ነው፤ ተወልጄ ያደግኩበት ሥራ ስለሆነ። በቅርቡ ስለ ታጠበ ቡና አዘገጃጀት ረዘም ያለ ነገር አወጣሁ። እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ገንዳ ውስጥ አድሮ፣ ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ፤ ሴቶቹ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውንና የጠቆረውን ሲለቅሙ፤ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 ከመቶ እስኪወርድ ድረስ ሲያገላብጡት። ፎቶዎቹንም ያነሳሁት ራሴ ነኝ። ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው አሥር ደቂቃ አያንሰውም።

ቮቱ አልከፋም። ከዚያ ማን መቼ ቮት እንዳደረገ ለማየት ዝርዝሩን ከፈትኩ። የሚበዙት ጽሑፉ በወጣ በአምስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ሴኮንዶች ብቻ እየተለያዩ ተከታትለው የገቡ ናቸው። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ጽሑፍ በአምስት ደቂቃ ማን አነበበው? ኮሜንቶቹም «ቆንጆ ጽሑፍ ነው፣ በርቺ» ዓይነት ናቸው። አንዱማ ስለ ሻይ ቅጠል ስላስተማርኩት አመስግኖኛል።

ክፍያው አነሰኝ አላልኩም፤ ያጣሁት የሚያነብልኝ ሰው ነው። የእናንተስ እንዲህ ነው? ሰው እንዲያነብላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ብሎክ_ፈታሽ

እህቴ ለምለም፣ ያየሽው ነገር የአጋጣሚ አይደለም፣ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። እንዲህ ከሚከፍሉት መድረኮች የማውቀው ስቲምንና ሂቭን ስለሆነ በእነሱ ላስረዳሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስቲም በ2016 በኔድ ስኮትና በዳን ላሪመር ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። በየጊዜው አዲስ ቶከን ይፈጠራል፣ ከእሱ ላይ አንድ ድርሻ ለጸሐፊዎች ይቀመጣል፣ ለማን ስንት ይድረስ የሚለውን ደግሞ ተጠቃሚው በቮቱ ይወስናል። የቮቱ ክብደት ግን የሚለካው እያንዳንዱ ባስቀመጠው ቶከን ልክ ነው። ብዙ ያስቀመጠ አንድ ሰው የሚሰጥሽ ቮት፣ ምንም የሌላቸው ሺህ ሰዎች ከሚሰጡሽ ይበልጣል። ነገሩ መበላሸት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ሺህ አንባቢ ከሚያፈራ አንድ ባለ ብዙ ቶከን ቢያስደስት ያዋጣዋል።

ቮት ያደረገውም ሰው ይከፈለዋል። ድሮ ከጽሑፉ ገቢ ለመራጮች የሚደርሰው 25 ከመቶ ነበር። በኦገስት 2019 በተደረገው ማሻሻያ እኩል ሆነ፤ ግማሹ ለጸሐፊው፣ ግማሹ ለመራጮቹ። በማርች 2020 ከስቲም ተገንጥሎ የወጣው ሂቭም በዚሁ ቀጥሏል። ስለዚህ ለብዙ ሰው ቮት ማድረግ ማለት ያስቀመጠውን ገንዘብ ማሠራት ነው። መጥፎ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሕጉ እንዲያ አድርጎ ስለሠራቸው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ ልምጣ። አንድ ሙሉ ቮት ከመራጩ የቮት ጉልበት 2 ከመቶ ይወስዳል፤ ጉልበቱ ደግሞ በቀን 20 ከመቶ ይመለሳል። ሲሰላ በቀን አሥር ሙሉ ቮት ነው። መቶ ከሞላ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም፣ ባክኖ ይቀራል። ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው ይህ እንዲባክንበት አይፈልግም። እንደ አንቺ ያለውን አሥር ጽሑፍ በየቀኑ ማንበብ ግን ከመቶ ደቂቃ በላይ ይፈልጋል፣ እሑድም በዓልም ሳይቀር። ሥራና ልጆች ያሉት ሰው ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ለቦት፣ በራሱ ቮት ለሚያደርግ ፕሮግራም፣ ይሰጠዋል፤ ወይም ሌላው ቮት ያደረገውን ተከትሎ በራሱ ቮት የሚያደርግ ትሬል ውስጥ ይገባል።

አምስተኛዋ ደቂቃም ምክንያት አላት። ቀድሞ ቮት ያደረገ ሰው ይበልጥ ይጠቀም ስለነበር፣ እንዳይሻሙ ተብሎ የመጠበቂያ ጊዜ ተቀመጠ። መጀመሪያ 30 ደቂቃ ነበር፣ በኋላ 15 ሆነ፣ ከዚያም 5። ቦቱ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ተሞላ። ሂቭ በ2021 በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ የገባውን ቮት ሁሉ እኩል እንዲቆጠር ቢያደርግም፣ ብዙ ሰው የቦቱን ማስተካከያ ተመልሶ የነካው አይመስለኝም።

ቢኒ_አዳማ

ሰላም። እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለምለም፣ አንባቢ ይምጣ አይምጣ የሚለው ጥያቄ ሌላ ገቢ ላለው ሰው ነው። በጁላይ 2024 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ መቶን አልፏል። በሳምንት አምስት ስድስት ዶላር ለተማሪ የታክሲውና የፓኬጁ ወጪ ነው። እኔ አጭር ነገር በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ ሁለት ፎቶ እጨምራለሁ፣ ትሬሉ ቮት ያደርግልኛል። ማንንም አልዋሸሁም፣ የማንንም አልሰረቅሁም። ሥርዓቱ የሚከፍለው ለዚህ ከሆነ ለምን እቆጫለሁ?

ብሎክ_ፈታሽ

ቢኒ፣ መቆጨት አለብህ አላልኩም፤ ችግርህም ይገባኛል። ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አስብ። ቶከኑን ሥርዓቱ ይፈጥረዋል፣ ዋጋ የሚሰጠው ግን ከውጭ መጥቶ የሚገዛ ሰው ነው። ማንም የማያነበው ቦታ ላይ ቶከን የሚገዛው ለምንድን ነው? ስቲም በጃንዋሪ 2018 ከ7 ዶላር በላይ ነበር። በዚያ ዘመን ቮት የሚሸጡ ቦቶች ሞልተው ነበር፤ ገንዘብ ከፍለህ ጽሑፍህን ፊት ገጽ ላይ ታወጣለህ። ፊት ገጹን የሚከፍት አዲስ ሰው የሚያገኘው የተገዛ ነገር ነበር፣ አንብቦ ይወጣል፣ አይመለስም። ዓመቱ ሲያልቅ ዋጋው ግማሽ ዶላር እንኳ አይሞላም። በኖቬምበር ስቲሚት፣ የስቲምን ዋና ድረ ገጽ የያዘው ኩባንያ፣ ከሠራተኞቹ 70 ከመቶውን አሰናበተ። የክሪፕቶ ገበያው ሁሉ የወደቀበት ዓመት መሆኑ እርግጥ ነው፣ ሁሉንም በቦት ላሳብብ አልችልም። ግን ገበያው ሲነሳ እንደ ሌሎቹ ያልተነሳበት ምክንያት ለእኔ ይኸው ነው፤ የሚያነብ ሕዝብ አልያዘም ነበር።

ደግሞ አገር ቤት ስለሆንክ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ክሪፕቶን ለግብይት መጠቀም ሕገ ወጥ ነው ብሎ ማስጠንቀቁን አትርሳ። ወደ ብር ስትቀይር ለማን እንደምትሰጥ ተጠንቀቅ።

ቢኒ_አዳማ

ማስጠንቀቂያውን አውቃለሁ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ስለ ዋጋው ያልከውን ግን እንዲህ አስቤው አላውቅም። እኔ እስካለሁ ይከፍላል ነው ያልኩት።

የአራት_ኪሎው

ልጆች፣ ጥሩ ወሬ ይዛችኋል፣ እኔም ልግባ። በጎልማሳነቴ መጽሔት ላይ ሠርቻለሁ። አራት ኪሎ ጋዜጣና መጽሔት እየተከራየ ይነበብ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። አዟሪው በሳንቲም ያከራያል፣ አንባቢው አጥር ጥግ ወይም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጨርሶ ይመልሳል፣ ቀጣዩ ይቀበላል። ዝግጅት ክፍል የነበርነው በዚህ እንበሳጭ ነበር። አንድ ቅጂ ተሽጦ ስንት ሰው እንደሚያነበው እናውቃለን፤ ለእኛ የሚገባው የአንዱ ዋጋ ብቻ ነው፣ የማተሚያ ቤት ዕዳ ደግሞ አለ። ሆኖም የሚመጣልን ደብዳቤ! «በገጽ ስድስት ያላችሁት ስሕተት ነው፣ እኔ እዚያ ነበርኩ» የሚል። ስም ጠቅሶ፣ ቀን ጠቅሶ። የሚቀጥለውን ዕትም የምንጽፈው ያንን ሰው እያሰብን ነበር።

የእናንተ የዚያ ግልባጭ ነው። እኛ አንባቢ ሞልቶን ከፋይ አጣን፣ እናንተ ከፋይ አግኝታችሁ አንባቢ አጣችሁ። የሚያሳስበኝ ክፍያው አይደለም። የሚያርም ሰው የሌለው ጸሐፊ እየላላ ይሄዳል። ስም አይጠራም፣ ቀን አያጣራም፣ ማን ይጠይቀዋል? ገንዘቡ ደግሞ ጥሩም ጻፈ መጥፎ እኩል ይገባለታል።

ለምለም፣ ጽሑፍሽን ፈልጌ አነበብኩት። እንደ አርታኢ ልናገርሽ፣ ቅር እንዳይልሽ። አርዕስቱ የትም የሚገኝ ነው፤ የኢትዮጵያ ቡና ጉዞ የሚል ስንት አለ! መግቢያው ላይ ሦስት አንቀጽ ስለ ካልዲና ስለ ፍየሎቹ ነው። እሱን ቡና የሚጠጣ ሁሉ ሰምቶታል። የአንቺ የሆነው ነገር ከመሐል በታች ተደብቋል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ቡናውን ካልሸፈኑት ገለባው እንደሚሰነጠቅ፣ ማታ ደግሞ ጤዛ እንዳያገኘው እንደሚሸፈን፣ አንዲቷ ሴት ደመና ስታይ «ሸራ!» ብላ ስትጮህ ሌሎቹ የያዙትን ትተው እንደሚሮጡ። በዚያ ጀምሪ። አርዕስቱም ቀትር ላይ ቡና ለምን ይሸፈናል ይሁን። ይህን የሚጠይቅ ሰው ዓለም ላይ አለ፤ የፈለገ ሰው ያገኝሻል።

ለምለም_ይርጋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅር ማለት ይቅርና፣ እስከ ታች እንዳነበቡልኝ ከሚጠቅሱት ነገር ስለማውቅ ደስ ብሎኛል። ካልዲን አወጣዋለሁ።

ናሆም_ሚኒሶታ

እኔ ሚዲየም የሚባል የጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ነው የምጽፈው፣ እዚያ ነገሩ ይለያል። ክፍያ ሲጀምር በ2017 አንባቢ በሚጫነው የጭብጨባ ምልክት ይለካ ነበር። በ2019 መገባደጃ ወደ ንባብ ጊዜ ተለወጠ፤ በ2023 እንደገና ተሻሻለ። ገንዘቡ የሚመጣው በወር 5 ዶላር ከሚከፍሉ አባላት ስለሆነ፣ አባል ካላነበበልህ ብዙ አታገኝም። የምወደው ነገር ቢኖር ስንት ሰው እንደከፈተውና ስንት ሰው እንዳነበበው ለየብቻ ማሳየቱ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይ ደነገጥኩ። ግን ቢያንስ እውነቱን ታያለህ። ስቲሚት ድሮ የተመልካች ቁጥር ያሳይ ነበር፣ አጥፍተውታል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ልክ ነው?

የአማርኛ ጽሑፍ ግን እዚያም አይሆንም። የአማርኛ አንባቢዬ ከፌስቡክ ነው የሚመጣው፣ አባል አይደለም፣ ስለዚህ አይቆጠርልኝም ነበር። ስለ ሚኒሶታ የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን የጻፍኩትን የአገሬ ሰው ተቀባብሎ አንብቦታል፣ መንገድ ላይ አስቁሞ ያወራኝ አለ። ከመድረኩ ያገኘሁት ሳንቲም ነው። አልከፋኝም፤ ግን ክፍያውን ከንባብ ጋር ማሰር ብቻውን መልስ እንዳልሆነ እወቁ። የማን ንባብ ነው የሚቆጠረው የሚለው አለ።

ብሎክ_ፈታሽ

ናሆም፣ ልክ ነህ፣ ስቲሚት ላይ ነበር፣ ወጥቷል።

አንድ ያላነሳሁት አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ክፍያው በሰባተኛው ቀን ይዘጋል። ጽሑፉ ሰንሰለቱ (ብሎክቼይኑ) ላይ ለዘላለም ይቀመጣል፣ ከሰባት ቀን በኋላ ግን ቮት ቢደረግለት ምንም አያመጣም። የለምለም የቡና ጽሑፍ ከሦስት ዓመት በኋላም አንድ የቡና ቆዪ ኦስሎ ተቀምጦ ሊፈልገው የሚችል ነገር ነው። ሥርዓቱ ግን ስምንተኛው ቀን ላይ ሞቷል ይለዋል። ጸሐፊው ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ለሁለት ሳምንት ማጣራት የሚፈልገውን ትቶ በየቀኑ የሚወጣ ነገር ይጽፋል። ሁሉም በየቀኑ ሲጽፍ የሚያነብ ማን ይቀራል? ሁሉም ጸሐፊ የሆነበት ቦታ ነው፤ ወደ ሌላው ጽሑፍ የሚሄደውም የራሱን ለማስተዋወቅ ነው። የሻይ ቅጠሉ ኮሜንት የመጣው ከዚያ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በእጃቸው እያነበቡ የሚመርጡ ሰዎች ሁልጊዜም ነበሩ። ስቲም ላይ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ኪዩሪ የሚባል ቡድን ስም የሌላቸውን ጸሐፊዎች እየፈለገ ቮት ያመጣላቸው ነበር። ሂቭ ላይም አሉ። ጥቂት ናቸው፣ ይደክማቸዋል።

ሐናን_ሪያድ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የማነብ እንጂ የምጽፍ አይደለሁም። ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ስልኬን የማገኘው ማታ ሥራ ሲያልቅ ነው።

ለምለም፣ የቡናውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ! መድረኩ ላይ ሳይሆን ቴሌግራም ላይ፣ አንድ ግሩፕ ውስጥ ተገልብጦ። ስምሽ አልነበረበትም፤ አሁን ስትዘረዝሪው ነው ያወቅኩት። እናቴ ሊሙ አጠገብ ካለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለቃሚ ነበረች፣ ስለ ሸራው የጻፍሽውን ድምፄን ቀርጬ ላኩላት። ግሩፑ ውስጥ ሰው ብዙ አውርቶበታል። የአንዷ አባት ሸራው ላስቲክ ከሆነ ቡናው ያልበዋል አለ፣ ሌላው ተከራከረው። እኔም የምጠይቅሽ ነበረኝ፤ ሊንኩን አንድ ልጅ ላከልኝና ኮሜንት ልጽፍ ስል አካውንት ክፈቺ፣ ቁልፍ (የይለፍ ቃል) አስቀምጪ፣ ከጠፋብሽ አይመለስም አለኝ። ፈራሁና ዘጋሁት።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ሴቶቹ የሚከፈላቸው በቀን ነው ወይስ በለቀሙት ኪሎ? ጽሑፍሽ ላይ አላገኘሁትም።

ለምለም_ይርጋ

ሐናን እህቴ! ይህን ክር ስከፍት የምፈልገው ይህን ነበር። ሰው አላነበበውም ስል እናንተ እዚያ እየተከራከራችሁበት ነው።

እኔ በማውቀው ጣቢያ የአልጋ ለቃሚ ክፍያ በቀን ነው። እሸቱን ከዛፍ የሚለቅም ነው በኪሎ የሚከፈለው። ወቅቱ ሲገባ ስንት ነበር፣ ወቅቱ ሲያልቅ ስንት ሆነ፣ ቡናው ውጭ ሲሸጥስ፣ ይህ ሁሉ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሴቶቹን ጠይቄ እጽፈዋለሁ። ስለ ላስቲኩ የተናገሩት አባትም እውነት አላቸው፤ አየር የማያስገባ ነገር ረጅም ሰዓት ከቆየበት እርጥበቱን መልሶ ያለብሰዋል። እኛ ጋ ማታ ማታ መጀመሪያ ጨርቅ፣ ከላዩ ላስቲክ ነው።

የአራት_ኪሎው

አያችሁ? ደብዳቤው መጣ።

ለምለም፣ እንደ እኔ ከሆነ ጽሑፉን ቴሌግራም ላይ ራስሽ አውጪው፣ በስምሽ። ሌላው እየገለበጠ ስምሽን ከሚያወልቀው።

ናሆም_ሚኒሶታ

እስማማለሁ። የአማርኛው ሰው ያለው ቴሌግራም ነው። መድረኩን እንደ ማኅደር ተጠቀሚበት፣ ሙሉው ከፎቶዎቹ ጋር እዚያ ይቀመጥ። ወሬው የሚደራው ሰው ካለበት ነው። ቴሌግራም ራሱም ከማርች 2024 ጀምሮ ከ1000 በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያው ገቢ ግማሹን ቶንኮይን በሚባል ዲጂታል ገንዘብ ያካፍላል። እሱ ላይ ተስፋ ጥለሽ አትጀምሪ፣ ትንሽ ነው፤ ግን እዚያ ቢያንስ የሚቆጠረው የከፈተው ሰው ነው።

ቢኒ_አዳማ

እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁሉም ወደ ቴሌግራም ከሄደ መድረኩ ላይ የቀረነውስ? ተነስታችሁ ውጡ ነው?

ብሎክ_ፈታሽ

አይደለም ቢኒ። እዚያ ሆኖም የሚሠራ ነገር አለ፣ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። በራሴ ገጽ ብቻ መጻፍ ትቻለሁ፤ ሂቭ ላይ ኮሚዩኒቲዎች አሉ፣ ስለ አትክልት፣ ስለ ፎቶ፣ ስለ እንጨት ሥራ። እዚያ ያለው ሰው ጉዳዩን የሚያውቅ ስለሆነ ቢያንስ ሻይና ቡና አይለይበትም። ከመጻፌ በፊት የሌሎችን አነባለሁ፤ ኮሜንት ስጽፍ ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ነገር አንስቼ እጠይቃለሁ፣ የራሴን ሊንክ አላስገባም። ተመልሰው ይመጣሉ፣ ሁሉም ባይሆኑም። አዲስ ጽሑፍ ሳወጣ የድሮውን ውስጡ አገናኘዋለሁ፤ ሰባት ቀኑ ያለፈው እንዲያ ነው የሚነበበው።

ቮቴን ደግሞ ከቦቱ አውጥቼዋለሁ። ከአሥሩ የሚበልጠውን ለኮሜንት ነው የምሰጠው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ከ2 ሳንቲም ዶላር በታች የሆነ ክፍያ ጭራሽ አይከፈልም፣ ይጠፋል። ስለዚህ ላነበበልህ ሰው ቮት ስታደርግ ለሃያ ሰው ቅንጥብጣቢ ከምትበትን፣ ደህና አድርገህ ለጻፉት ለሁለት ለሦስቱ ሙሉውን ስጣቸው። ቶከንህ ትንሽ ከሆነ ከጓደኞችህ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ኮሜንት ላይ ተባበሩ። ከጽሑፍህ ገቢ የተወሰነ ከመቶ ለሌላ አካውንት እንዲሄድ ከማውጣትህ በፊት ማስተካከልም ይቻላል። ባለፈው ሳምንት ጥሩ ጥያቄ ለጠየቀህ ሰው የዚህን ሳምንት ጽሑፍ አሥር ከመቶ ብትሰጠው ያ ሰው ይመለሳል፤ ከቦት አይጠበቅም።

ቢኒ_አዳማ

ይቺን እሞክራታለሁ። አዳማ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ስላለው የድሮ ሰፈር ልጽፍ የፈለግኩት ነገር ነበር፣ በየቀኑ ማውጣት ስላለብኝ ትቼው ነበር። ከትሬሉ ግን ቶሎ አልወጣም፣ እውነቱን ልናገር፣ ኪራዬ አለብኝ።

የአራት_ኪሎው

አትውጣ ልጄ፣ ማን ውጣ አለህ። የባቡር ጣቢያውን ግን ጻፈው። ጨርሰህ ስታወጣው ሊንኩን እዚህ አድርግልኝ፣ አነበዋለሁ፤ የማውቀው ሰፈር ነው፣ ስትሳሳት እነግርሃለሁ።

ብሎክ_ፈታሽ

ሐናን፣ አካውንቱን አትፍሪው። መክፈቻው ሂቭ ላይ 3 ቶከን ነው፣ ነገር ግን ቆየት ያልነው ሰዎች በነፃ የምንሰጠው ቲኬት አለን፣ አንዱን ለአንቺ አውለዋለሁ። ቁልፎቹን የምታወጫቸው አንቺ ራስሽ ነሽ፤ እኔ የማየው ለሁሉም የሚታየውን ክፍል ብቻ ነው። ለኮሜንት የሚያስፈልግሽ የመጻፊያው ቁልፍ ነው፣ ስልክሽ ላይ እሱን ብቻ አስገቢ። ዋናውን ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪው፤ ማንም ቢጠይቅሽ፣ እኔም ብሆን፣ እንዳትሰጪ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ደረጃ በደረጃ በአማርኛ እልክልሻለሁ።

ሐናን_ሪያድ

እሺ ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ዓርብ ዕረፍት አለኝ፣ ያን ቀን እጽፍልሃለሁ። ኮሜንቱን በአማርኛ ብጽፍ ችግር አለው?

ለምለም_ይርጋ

ምንም ችግር የለውም፣ በአማርኛ ጻፊው፤ እኔም በአማርኛ እመልስልሻለሁ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ዛሬ ማታ እከፍታለሁ፣ ሊንኩን እዚሁ አስቀምጣለሁ። ያንን የግሩፕ ክርክር ከቻልሽ አስተላልፊልኝ፤ የላስቲኩን ነገር የተናገሩትን አባት ስማቸውን ሳልጠቅስ ጽሑፉ ውስጥ ላስገባ እፈልጋለሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቂልኝ።

ሐናን_ሪያድ

እጠይቃቸዋለሁ። የሴቶቹን ክፍያ ግን አደራ፣ እናቴም እየጠበቀች ነው።